ፓቫሮቲ ሉማሜ ቢወለድ ኖሮ

ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ሲያጋጥመን ሁላችንም የምንወረውራት አንዲት ቃል አለች። «ተሰጥኦ ነው!» እንላለን። «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!» እንልና እጃችን እስኪቀላ እናጨበጭባለን። ሠርግ ቤት ከሆነ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን። ከዚያ ወደየቤታችን። ቃሏ ሙገሳ ትመስላለች፤ ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩዋት ግን የስንፍናችን መሸፈኛ ነች። እግዜር ከሰጠው እኛ ምን ቀረን? ከሰጪው ጋር ይጨራረስ! አስተማሪ መቅጠር የለ፣ መለማመጃ ክፍል መስጠት የለ፣ ደመወዝ መቁረጥ የለ። ማጨብጨብ ብቻ። በዚህች አንዲት ቃል ስንት ድምፅ እንደቀበርን የሚቆጥር ቢኖር ኖሮ ያጨበጨብንባቸውን እጆች በኪሳችን በደበቅን።

ይህን የሚያናግረኝ ኦፔራ ነው። አትሳቁ። ኦፔራ በቴሌቪዥን ብቅ ባለ ቁጥር ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ኧረ ቀይሩልን! ይሄን ፈረንጅ ደግሞ ምን ያስጮኸዋል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደረቱን ነፍቶ «ይሄ ምን አላት! የእኛ የጎጃም እረኛ እኮ ያለ ማይክ ከማዶ ማዶ ያሰማታል። ዕድል ቢያገኝ ፓቫሮቲን ያስንቀው ነበር» ይላል። ሁለቱም የሚሉትን ካሉ በኋላ ቻናሉ ይቀየራል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ኦፔራ ምናችን ነው?» ለምትሉ፣ በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት ኦፔራዎች አንዱ የሆነው የቨርዲ «አይዳ» ስለ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አይዳ በግብፅ ተማርካ ባሪያ የሆነች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የግብፁ የጦር አለቃ ራዳሜስ ይወዳታል፤ የራዳሜስን ቦታ የሚዘፍነው ደግሞ ቴነር ነው። ሥራው የታዘዘው በግብፁ ገዢ በከዲቭ እስማኤል ሲሆን መጀመሪያ የታየው ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1871 ነው። ይኸው እስማኤል በመድረክ ላይ ኢትዮጵያን ድል ካስመታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእውነትም ጦር ላከብን፤ በ1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይና ጉራዕ ላይ አፄ ዮሐንስ የሰጡትን መልስ እናውቃለን። በጦር ሜዳው የደረሰበትን ቀምሷል። መድረኩን ግን ለእነሱ ትተንላቸዋል። ይኸው ከ150 ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ልዕልት በሚላኖና በኒውዮርክ ታለቅሳለች፤ እኛ ደግሞ ሳሎናችን ተቀምጠን «ምን ያስጮኻታል?» እንላለን።

ሁለተኛው ወገን ግን ይብሳል። የመጀመሪያው ቢያንስ አልወድም አለ፤ መብቱ ነው። ሁለተኛው አገር የሚወድ መስሎ አገር ያታልላል። እረኛው ከማዶ ማዶ የሚያሰማው እውነት ነው። ደጋው ላይ፣ ጠዋት ጭጋጉ ሲነሳ፣ አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት የአንድ ልጅ ጥሪ ሸለቆ ያቋርጣል። የኦፔራ ቴነር የሚሠራው ግን ሌላ ሥራ ነው።

ቴነር ማለት በተለመደው አከፋፈል ከወንድ ድምፆች ከፍ ያለው ነው። የቃሉ ሥር በላቲን «መያዝ» ነው፤ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬያቸው ሌሎቹ ድምፆች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዋናውን ዜማ ይዞ የሚቆየው እሱ ስለነበረ። (በእኛም የዜማ ምልክቶች ውስጥ «ይዘት» የሚባል አለ፤ ስም ከሆነ እኛም አላጣንም።) ይህ ሰው በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ወደ 3,800 ሰው ፊት ይቆማል። ማይክራፎን የለውም። ከፊቱ ሙሉ ኦርኬስትራ አለ። ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ሥራ ውስጥ አንዴ በጣሊያንኛ፣ አንዴ በፈረንሳይኛ፣ አንዴ በጀርመንኛ፣ እየተወነ ይዘፍናል። ኦርኬስትራውን የሚያልፈው በጉልበት እንዳይመስላችሁ። የሰለጠነ ድምፅ ኃይሉን በሰከንድ 3,000 ንዝረት ገደማ ላይ ያከማቻል፤ እዚያ አካባቢ የኦርኬስትራው ድምፅ ይሳሳል፤ በዚያች ክፍተት ሾልኮ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይደርሳል። ይህን ማንም ከእናቱ ማኅፀን ይዞት አይወጣም። ትንፋሽን በሆድና በጎን ጡንቻ መግዛት፣ ጉሮሮን ሳያፍኑ ከፍ ማለት፣ አናባቢውን ማስተካከል፣ ይህ ሁሉ በአስተማሪ ጆሮ ሥር፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት የሚሠራ ሥራ ነው። ሳይማር በጉልበት የሚጮህ ሰው ድምፁን ያቆስላል።

እንግዲህ «ያስንቀው ነበር» ወደምትሉት ሰውዬ እንምጣ። ሉቺያኖ ፓቫሮቲ እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ውስጥ ሞዴና በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፈርናንዶ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ እናቱ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ። የሀብታም ልጅ አልነበረም። ነገር ግን ዳቦ ጋጋሪው አባት ራሱ ቴነር ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ በከተማው መዘምራን ቡድን ውስጥ ይዘፍናል። ልጁም ከአባቱ ጎን ቆሞ ዘፈነ። እ.ኤ.አ. በ1955 ይኸው የሞዴና ወንዶች ቡድን ዌልስ ድረስ ሄዶ በዓለም አቀፍ ውድድር አንደኛ ወጣ። ሉቺያኖ ከዚያ በፊት በ19 ዓመቱ አሪጎ ፖላ የሚባል የከተማው ቴነር ዘንድ ትምህርት ጀምሮ ነበር። ፖላ ገንዘብ አልጠየቀውም፤ በነጻ አስተማረው። ፖላ ወደ ጃፓን ሲሄድ ደግሞ ሌላ አስተማሪ ተረከበው። በዚህ መካከል ፓቫሮቲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ የኢንሹራንስ ሽያጭ ሠራተኛም ሆነ። ኦፔራ መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 1961 ነው። ትምህርቱን ከጀመረ ከሰባት ዓመት በኋላ! በ1972 ኒውዮርክ ላይ ከፍተኛዋን «ዶ» በአንድ ዘፈን ዘጠኝ ጊዜ መትቶ ሕዝቡን ከወንበሩ ያስነሳው፣ በ1982ቱ (እ.ኤ.አ. 1990) የጣሊያን የዓለም ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ዋዜማ ከዶሚንጎና ከካሬራስ ጋር ቆሞ ዓለምን ያስደመመው ሰው፣ የእነዚያ ሰባት ዓመታት ሰው ነው።

«የሞዴና ውሃ ይሆናል» የሚል አይጠፋም። በዚያው በ1935 በዚያችው ከተማ ሚሬላ ፍሬኒ ተወልዳለች፤ ከዘመኑ ታላላቅ ሶፕራኖዎች አንዷ። እናቶቻቸው አንድ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ሕፃናቱም አንዲት አጥቢ የተጋሩ ነበሩ። ውሃውም ወተቱም እንዳይመስላችሁ፤ የከተማው አኗኗር ነው። አስተማሪ፣ ቡድን፣ ቲያትር ቤት ባለበት ከተማ ድምፅ ያለው ልጅ አምልጦ አይቀርም። ወድቆ ቢገኝ እንኳን የሚያነሳው አለ።

እስቲ አሁን ይህንኑ ሕፃን አንስተን ሉማሜ እናስወልደው። ሉማሜ፣ የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀንን ካለፉ በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ጤፍ የሚበቅልበት ጥሩ አገር ነው፤ ሰዉም ቀረርቶና ፉከራ ያውቃል። አባቱን ዳቦ ጋጋሪ እናድርገው፤ ዳቦ ቤት አይጠፋም። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ድምፁን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። «ተሰጥኦ ነው!» ይባላል። ከዚያስ?

ከዚያ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዲያቆን ይሆናል፤ ቢበረታ ዜማ ቤት ይገባል። ሁለተኛው የሠርግና የመጠጥ ቤት ዘፈን ነው፤ ይህን ሲያስብ ገና እናቱ «የእኔ ልጅ አዝማሪ ሊሆን!» ብላ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። አዝማሪ በዘፈነ ቁጥር እንደሰታለን፤ ልጃችን አዝማሪ ሲሆን እናለቅሳለን። ሦስተኛው መንገድ መናኸሪያው ነው። ጉሮሮ ካለህ ሚኒባስ በር ላይ ትንጠለጠልና «ማርቆስ! ማርቆስ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ትላለህ። አቧራና ጭስ እየዋጥክ ከማለዳ እስከ ማታ። በሦስት ዓመት ድምፅህ እንደ ተቀደደ ከበሮ ይሆናል። ያን ጊዜ «ድሮ ድምፅ ነበረው» ትባላለህ። ሴት ከሆነችማ የመጀመሪያው መንገድ ለዲቁናም ለመሪጌትነትም ዝግ ነው፤ ከቀሩት ሁለቱም የሚከፈትላት ሁለተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ከነስድቡ።

ከሦስቱ መንገዶች ትምህርት ያለበት አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። እዚህ ላይ ነው «ተሰጥኦ» የምንል ሰዎች ከገዛ አባቶቻችን መማር ያለብን። ዜማ ቤት ውስጥ «ተሰጥኦ ነው» ብሎ ተማሪ የሚያሳልፍ መምህር የለም። ልጁ ድምፁ እንደ ማር ቢጣፍጥ፣ ርክርኩን ካበላሸ ይመለሳል፤ ድፋቱን ከሳተ ይመለሳል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለይቶ፣ ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን፣ ምዕራፉን ቃል በቃል ይዞ መውጣት አለበት። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ዓመታት ይቀጽላል። ዝማሬና መዋሥዕት ቢፈልግ ዙር አባ ድረስ ይሄዳል፤ በድጓ ለመመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። ምልክቶቹን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል። ይህ ማለት የድምፅ ትምህርት ዘዴ፣ የምልክት ጽሕፈት፣ ደረጃ፣ ፈተና፣ ምስክርነት ያለው አገር ነን። ሰው ድምፅ ይዞ ስለተወለደ ብቻ መሪጌታ ሆኖ አያውቅም!

ድጓውን መድረክ ላይ እናውጣው ማለቴ አይደለም። ዜማው ጸሎት ነው፤ ቦታው ቅኔ ማኅሌት ነው። የምለው ሌላ ነው። ድምፅ በትምህርት እንደሚሠራ ከማንም በፊት የምናውቅ ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንወጣ እውቀቱን በሩ ላይ ጥለነው እንወጣለን። ያንን ሁሉ ዓመት የደከሙትን መሪጌታ ራሳቸውንም ቢሆን ደብሩ የሚከፍላቸው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመው ጠዋት እርሻ ይወርዳሉ። «በረከት ነው» እንላቸዋለን። ይህቺም የ«ተሰጥኦ ነው» እኅት ናት፤ ያለ ክፍያ ማሰናበቻ።

በዓለማዊውም ቢሆን ያየናቸው ትልልቅ ድምፆች ሜዳ ላይ የበቀሉ አይደሉም። ጥላሁን ገሠሠን «ተፈጥሮ ነው» ብለን ቀብረነዋል፤ በ2001 ዓ.ም. ሲሞት አገር ተነቅሎ ሸኝቶታል። ግን ጥላሁን ሀገር ፍቅር ቲያትር ገብቷል፤ ከዚያ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ውስጥ አድጓል። ደመወዝ ነበረው፤ ልምምድ ነበረው፤ ተው የሚል አሠልጣኝ ነበረው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በዓለም መድረኮች የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃና የራሱን ሥራዎች ሲጫወት ስናይ እንኮራለን፤ ግርማን ያደረሰው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ቀጥሎም የሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ነው። ማለትም በር ነበረ፤ በሩን ሲያንኳኳ የሚከፍት ነበረ። የሉማሜው ልጅ የሚያንኳኳው በር አዲስ አበባ ነው። መኖሩንስ ማን ነግሮት?

ወደ ወረዳ የወረደ መድረክ አንድ ጊዜ አይተን ነበር፤ የደርግ ዘመን ኪነት። ደርግን ማመስገኔ አይደለም። ኪነቱ የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ነበር፤ መፈክርን በዜማ ያስዘፍን ነበር። ነገር ግን በየቀበሌውና በየአውራጃው ቡድን ነበረ፤ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ስንቱን ድምፃዊ አፍርተዋል። ሥርዓቱ ሲወድቅ መፈክሩን መጣል ሲገባን መድረኩንም አብረን ጣልነው።

«ይህ የአውሮፓ ነገር ነው፤ ለአፍሪካ አይሆንም» ለምትሉ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን እዩ። ሌቪ ሴክጋፓኔ ክሮንስታድ ከምትባል ከትልልቆቹ ከተሞች ራቅ ካለች ቦታ የተገኘ ቴነር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዶሚንጎ ባቋቋመው «ኦፔራሊያ» ዓለም አቀፍ ውድድር አንደኛ ወጣ። ሶፕራኖዋ ፕሪቲ የንዴ በገጠር ከተማ አድጋ በ16 ዓመቷ በቴሌቪዥን የአየር መንገድ ማስታወቂያ ላይ የኦፔራ ዜማ ሰማች። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ መምህሯን «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ ያውቅ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2013 በሜትሮፖሊታን ዘፈነች፤ በ2023 በእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ የዘውድ በዓል ላይ ዓለም ሰማት። ተአምሩ ማስታወቂያው አይምሰላችሁ። ማስታወቂያውን የእኛም ልጆች ያያሉ። ተአምሩ በማግስቱ የሚጠየቅ መምህር መኖሩ ነው። በዚያ አገር በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ በአራት ድምፅ የሚዘምር ቡድን አለ፤ በየዓመቱ ይወዳደራሉ፤ በአፓርታይድ ሥር፣ በድህነት መንደር ውስጥ ሆነው እንኳን አላቋረጡትም። በውድድሩም የኦፔራ ዜማ ይዘፍናሉ። ቴነሮቹ ከሰማይ አልወረዱም።

አሁን ትልቁ ጥያቄ ይመጣል። «ዳቦ ሳይኖር ኦፔራ? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በጦርነቱ ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ቤት ዋሉ፤ አንተ ስለ ዘፈን ታወራለህ?» ጥያቄው ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ግን ሁለት ነገር ልመልስ። አንደኛ፣ የሚላኖው ላ ስካላ እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ፈረሰ፤ ጦርነቱ ካበቃ በዓመቱ፣ በግንቦት 1946 ሕዝቡ በፍርስራሽ መካከል እየኖረ ኦፔራ ቤቱን ሠርቶ ከፈተው። ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ሰው ዳቦ ብቻ በልቶ ከጦርነት እንደማይወጣ ስላወቁ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ፈርናንዶ ፓቫሮቲም ዳቦውን ጋግሮ ሲያበቃ ይዘፍን ነበር እንጂ አንዱን ለአንዱ አልተወም። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁን ምን ይጠብቀዋል? አራት ግድግዳና የተሰበረ ዴስክ? ቂምና ፍርሃት ይዞ የተመለሰ ልጅ ከጓደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ መዘመር ቢለማመድ ምን ይጎዳናል? መዘምራን ቡድን ውስጥ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ መዝፈን አይችልም። እኛ ያጣነውም መደማመጥን ነው።

ስለዚህ ሉማሜ ላይ ኦፔራ ቤት ይሠራ አላልኩም። እንዲህ ብል ኖሮ የሁለተኛው ወገን አባል በሆንኩ። የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነም ምክንያት የለውም። በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ለሙዚቃ የተጻፈው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻና ለግቢ ጽዳት አይሰጥ። ሙዚቃ የተማረ አንድ መምህር ለአንድ ወረዳ ይቀጠር፤ ለአንድ ወረዳ አንድ! በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ልጆች፣ ወንዱም ሴቱም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይዘምሩ። መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጉሮሮ በነጻ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሉማሜ ልጆች ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከደብረ ማርቆስ ልጆች ጋር ይወዳደሩ፤ ለእግር ኳስ የምንሰጠውን ዋንጫና አውቶቡስ ለእነሱም እንስጥ። ከዚያ ውስጥ አንድ ልጅ ብቅ ሲል ወደ ያሬድ የሚልከው ደብዳቤና የመሳፈሪያ ገንዘብ የሚሰጥ ቢሮ ይኑር። ደብሩም መሪጌታውን በበረከት ብቻ አያሰናብት።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ሜትሮፖሊታን ላይደርስ ይችላል። ብዙዎቹ አይደርሱም። ሞዴናም እያንዳንዱን ዳቦ ጋጋሪ ፓቫሮቲ አላደረገችም፤ ፈርናንዶ ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ግን ልጁ ሲዘፍን የሚሰማና የሚያርመው ጆሮ ነበረው። ከተማ ማለት ይህ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ አንድ ልጅ ሲያንጎራጉር «ተሰጥኦ ነው!» ልትሉ ስትሉ አፋችሁን ያዙ። ይልቅ «ማን ያስተምረዋል?» በሉ። መልስ ካጣችሁ ግንባሩ ላይ ልትለጥፉት የነበረውን ብር አትለጥፉ፤ አዋጡትና የመምህር ደመወዝ አድርጉት።